ሲርባችሁ ተመለሱ

ጌቱ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሲደውል እናቴ ዶሮ እየገነጠለች ነበር። ስልኩን ይዤ ወደ አጥሩ በር ወጣሁ።

«ደጀን ገብተናል» አለኝ። «እዚህ አድረን ነገ ረፋድ ላይ ሉማሜ እንደርሳለን።»

«እንኳን ደህና መጣችሁ። እራት በላችሁ?»

«ስንቅ ይዘናል።»

«ከአዲስ አበባ?»

«አክስቴን ታውቂያት የለ። ሕሊና፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አክስቱ ጨጓራ አለባቸው ብለሽ ለቤተሰቦችሽ ቀድመሽ ንገሪልኝ። ነገ ባትበላ ቅር እንዳይላቸው።»

«ሽማግሌያችሁ ጋሽ አማረስ?»

«እሳቸውም ጨጓራቸውን ያማቸዋል።»

«አጎትህስ?»

«ሕሊና።»

«ጋሽ በላቸው ባለፈው እሑድ እናንተ ቤት ጥሬ ሥጋ ሲበሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።»

«ቃል አስገብታቸዋለች» አለ ጌቱ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «እንዳትበሉ፣ እንዳትጠጡ ብላ። የሚባለውን ታውቂዋለሽ። እኔ አላምንበትም፤ ግን አሳድጋኛለች። ነገ ብቻ ይለፍልን።»

የሚባለውን አውቀዋለሁ። የጎጃም ሰው መድኃኒት ያበላል ይባላል። እንግዳ ሲመጣለት ወጡ ውስጥ ወይም ጠላው ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምራል፤ የበላው ሰው ወይ ይወድዳል፣ ወይ ያብዳል፣ ወይ ይሞታል። አዲስ አበባ በአንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ባሏ በጊዜ ቤት እንዲገባ የሚያደርግ ነገር ከአገሬ እንዳመጣላት በቁም ነገር ለምናኛለች። የለኝም ስላት ተቀየመችኝ፤ የነፈግኋት መሰላት። ሌሎቹ ባልደረቦቼ ደግሞ የሎተሪ አዟሪዎች ሁሉ ዘመዶቼ ይመስሏቸዋል። ደብረ ማርቆስ መብራት ይኖር እንደሆነ የጠየቀኝ ሐኪምም አለ።

የጌቱን አክስት ወይዘሮ ያለምዘውድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቅኋቸው ቤታቸው ምሳ ጋብዘውኝ ነው። አገሬን ጠየቁኝ፤ ሉማሜ አልኳቸው።

«ባሕር ዳር አጠገብ?»

«አይደለም። ደጀንን አልፎ፣ ደብረ ማርቆስ ሳይደረስ።»

«እሱን እንኳ አላውቀውም። እኛ ባሕር ዳር ስንሄድ ዓባይን ከተሻገርን በኋላ እንቅልፋችንን ነው የምንተኛው።» ከዚያ ወደ ጌቱ ዞሩና «እንግዲህ አንተም የምትጠጣውን አየት እያደረግህ ጠጣ» አሉት። ቤቱ ሳቀ። እኔም እንደ ሰው ፈገግ ብዬ እንጀራዬን ጠቀለልኩ። ጥሩ እንጀራ ነበር። የጎጃም ማኛ ካልሆነ ቤታቸው እንደማይገባ ራሳቸው ነገሩኝ።

ለእናቴ ስለ ጨጓራው አልነገርኳትም። ብነግራት ሌሊቱን ተነሥታ ለሦስት ሰው አጥሚት ታዘጋጅ ነበር። ለአባቴም አልነገርኩትም። አባቴ ባዘዘው ይባላል፤ ወፍጮ ቤት አለው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ ጤፍ ያርሳል። ብዙ አይናገርም። ነገ እሺ ካለ ሠርጌ በጥር ይሆናል። ቤቱ ገብቶ እህሉን ያልቀመሰ ሰው ግን ልጁን ይዞ እንደማይሄድ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

እሑድ ረፋድ ላይ መጡ። ጌቱ መኪናውን አስፋልቱ ዳር ካለው ሻይ ቤት አቁሞ እዚያው ቀረ፤ የሚያገባው ሰው ከሽማግሌዎች ጋር አይገባም። እኔም በልማዱ መሠረት ጓዳ ነኝ። በጓዳውና በሳሎኑ መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። በመጋረጃው ዳር ሦስቱንም አያቸዋለሁ። ጋሽ አማረ ከባንክ ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰው ናቸው። ጋሽ በላቸው የጌቱ አጎት ናቸው፤ ወፍራም፣ ዝምተኛ የመኪና ዕቃ ነጋዴ። ወይዘሮ ያለምዘውድ ነጠላቸውን ተከናንበው የእጅ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሴት ለሽምግልና አትመጣም ነበር፤ እሳቸው ግን ሳላይ ማንም አይወስንልኝም ብለው መጥተዋል።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አላቸው አባቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ አማረ።

«ውኃ እንኳ ቅመሱ። ከመንገድ ነው የመጣችሁት።»

«ውኃም ቢሆን። መልሳችሁን ሳንሰማ ምንም አንቀምስም።»

እናቴ፣ የብርጓል፣ የውኃውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ወደ ጓዳ ተመለሰች። ፊቷ በርቷል።

«ሰማሽልኝ?» አለች በሹክሹክታ። «ውኃ እንኳ እምቢ አሉ። እኔ አዲስ አበባ ይሄ ሥርዓት የቀረ መስሎኝ። እኔን ሊጠይቁ የመጡት የአባትሽ ሽማግሌዎች እንኳ ጠላውን ሲያዩ ነው የተቀመጡት።»

ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ እህልም አይቀምስም። የድሮ ሰዎች ሥርዓት ነው። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ትንሽ ሰበር አድርጎ ሲያዳምጣቸው አክብሯቸው እንደቆመ አየሁ። ለአንድ አፍታ ነገሩ በዚሁ የሚያልፍ መሰለኝ።

ጋሽ አማረ በደንብ ተናገሩ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ደጅ ልንጠና መጥተናል አሉ። የጌቱ እናትም አባትም በሕይወት እንደሌሉ፣ ከሕፃንነቱ ያሳደጉት እኚህ አክስቱ እንደሆኑ፣ የምሕንድስና ሥራ እንዳለው፣ እንደማይጠጣ ተናገሩ። አባቴ ሁሉንም ሰማና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄን ጠይቄያታለሁ፤ ፈቃዷ ነው። እኔም የምጠላበት ምክንያት አላገኘሁም። በእኛ ልማድ ዛሬ ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ ማለት ነበረብኝ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ አላመላልሳችሁም። አሁን ቁጭ በሉ። ማዕድ ከተነሣ በኋላ ቃሌን እሰጣችኋለሁ።»

ተቀመጡ። ወይዘሮ ያለምዘውድ ከመጋረጃው ፊት ለፊት ባለው ወንበር፣ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ተቀመጡ። እጄን ብዘረጋ ትከሻቸውን እነካው ነበር። እናቴ አስታጠበቻቸው። መሶቡን ከፈተች፤ ዶሮው ወጣ፤ ድፎ ዳቦው ተቆረሰ። ከዚያ ጠላውን በጆግ ይዛ መጣች። ከጋሽ አማረ ፊት ቆመችና ከጠላው ትንሽ በግራ መዳፏ ላይ አፍስሳ ጠጣች። አፏን በነጠላዋ ጠረገችና ብርጭቆውን ሞላችላቸው።

በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። ጥንት መርዝ በሚፈራበት ዘመን የእንግዳው ልብ እንዲያርፍ ተብሎ የመጣ ነው ይባላል። እናቴ ስለ መርዝ አስባ የምታውቅ አይመስለኝም። እጇ ለምዶት ነው።

ወይዘሮ ያለምዘውድ ወደ ጋሽ በላቸው ዘንበል አሉ። «አየህ?» ሲሉ ሰማኋቸው። «መዳፏ ላይ ያደረገችውን አየህ?»

«ጠጣችው እኮ» አሉ ጋሽ በላቸው።

«ምኑን ጠጣችው፣ ከንፈሯን ነው ያስነካችው። አንተ ብቻ ብርጭቆውን እንዳትነካ።»

አባቴ «ብሉ እንጂ» አለ።

«እኔ እንኳ ጨጓራ አለብኝ» አሉ ወይዘሮ ያለምዘውድ። «አይከፋችሁ።»

«እኔንም ሐኪም ከልክሎኛል» አሉ ጋሽ አማረ። መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

አባቴ ወደ ጋሽ በላቸው ዞረ። ጋሽ በላቸው የዶሮውን ታፋ እያዩ ነበር። «እኔም እንደዚያው ነኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ጨጓራ?»

«ጨጓራ።»

«ሦስታችሁንም አንድ ሐኪም ነው የሚያያችሁ?» አለ አባቴ።

ማንም አልሳቀም። አባቴም ለማሳቅ ያለው አልመሰለኝም። የቆረሰውን ዳቦ መሶቡ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ድስቱን ከፍታ በጭልፋ ትንሽ ወጥ አወጣችና ቀመሰች። ቆይታ እንደገና ቀመሰች።

«ጨው አንሶት ይሆን?» አለችኝ። «ወይስ ሽንኩርቱ በደንብ አልበሰለም? እስኪ አንቺ ቅመሺው።»

ቀመስኩት። ምንም አልጎደለውም።

«ጠረኑ ይሆን ያስጠላቸው» አለች። «ምን አጠፋሁ?»

የነገሩን ምክንያት ከእሷ በቀር በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወይ ያውቀዋል ወይ ጠርጥሮታል። ዝም ብል እንግዶቹ ይሄዳሉ፤ አባቴም ምናልባት ስለ እኔ ብሎ የሚያየውን እንዳላየ ይሆናል፤ በጥር አገባለሁ። እናቴ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ያን ቀን ጨው አንሶት ነበር እያለች ትኖራለች።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

ጋሽ አማረ ደንግጠው ብድግ አሉ። እጅ ነሣኋቸው። አባቴ «ምነው?» አለኝ፤ ልማዱ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«አንድ ነገር ተናግሬ እመለሳለሁ፣ አባባ።» ጆጉን አነሣሁና በመዳፌ ላይ ጠላ አፈሰስኩ፤ ወይዘሮ ያለምዘውድ በደንብ እንዲያዩት ቀስ ብዬ። ጠጣሁት። «እትዬ፣ እናቴ ያደረገችው ይሄን ነው። የሚቀዳ ሰው ቀምሶ ነው የሚያቀርበው፤ እንግዳ እንዳይሰጋ። መዳፏ ላይ ሌላ ነገር አልነበረም።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ከጀርባዎ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ። ጨጓራም የለብዎትም። እናቴ ወጡ ጨው አንሶት መስሏት ጓዳ ቆማ እየቀመሰች ነው። የሚፈሩትን እርስዎ ይነግሯቸዋል ወይስ እኔ ልንገራቸው?»

አስፋልቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ማርሽ ቀይሮ ዳገቱን ሲይዝ ተሰማ። ጋሽ በላቸው ወለሉን ያያሉ።

«ምንድን ነው የሚፈሩት?» አለ አባቴ።

ወይዘሮ ያለምዘውድ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «የጎጃም ሰው መድኃኒት ያበላል ይባላል» አሉ። «እኔ አልፈጠርኩትም። ሲባል ነው የሰማሁት።»

«ይባላል» አለ አባቴ፤ እንደማያውቀው ቋንቋ ቃሉን ብቻ ደገመው።

«ቤትዎ የበላሁት እንጀራ የጎጃም ማኛ ነው ብለውኝ ነበር» አልኩ። «ምናልባት እዚሁ የተወቃ ይሆናል። እሱን በየቀኑ ይበላሉ።»

«ጤፉ ሌላ፣ እጁ ሌላ» አሉ ቶሎ ብለው። ከዚያ ያሉት ራሳቸውንም የከበዳቸው ይመስል ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። እንደገና ሲናገሩ ወደ እኔ አልነበረም፤ ወደ አባቴ ነበር። «እኅቴ፣ የዚህ ልጅ እናት፣ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። በዚህ መንገድ ነበር የምትመላለሰው። አንድ ጊዜ ክርስትና ጠርተዋት ከሰው ቤት በልታ መጣች። ታመመች። ሆዷ አበጠ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ሞተች። ሐኪሙ ጉበቷ ነው አለ። የሰፈሩ ሰው ግን አብልተዋት ነው አለ። እኔ ማንን ልመን? ልጁ ገና መሄድ መጀመሩ ነበር፤ ይዤው ቀረሁ። አሁን ደግሞ እናቱን ወዳጣንበት አገር መልሼ ላመጣው ነው።»

ጌቱ እናቱ በሕመም እንደሞተች ብቻ ነው የነገረኝ። ሆዱ ያበጠና ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ደም በየሳምንቱ በእጄ ያልፋል፤ ምን እንደሚባልም አውቃለሁ። አልተናገርኩም። የሚናገሩት ስለ ጉበት አልነበረም።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ መጋረጃው አጠገብ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

«ነፍስ ይማር» አለች። «ማን ነበር ስማቸው?»

«ማንጠግቦሽ።»

«ማንጠግቦሽ» አለች እናቴ።

አባቴ ተነሣ። ሲነሣ እንግዶቹም ተነሡ።

«ሐዘንዎን አላቃልለውም» አለ። «ያ የሆነው በማን ቤት እንደሆነ አላውቅም፤ በእኔ ቤት አይደለም። እኔ ደግሞ ሰው በግድ አላበላም። ማዕድ ከተነሣ በኋላ ቃሌን እሰጣለሁ ብዬ ነበር፤ ማዕዱ አልተበላም። እስካሁን የሰጠኋችሁ ወንበር ብቻ ነው። በሰላም ግቡ። ሲርባችሁ ተመለሱ።»

ጋሽ አማረ መነጽራቸውን አደረጉ። «ሽማግሌ በአንድ ቀን እሺ አይባልም» አሉ። «ሥርዓቱ ነው። እንመለሳለን።»

«እሱ የእናንተ ፈንታ ነው።»

ጋሽ በላቸው በመጨረሻ ወጡ። ከበሩ ላይ ዞረው መሶቡን አንድ ጊዜ አዩት።

እኔ ነጠላዬን ስፈልግ እናቴ ከድፎው ትልቅ ቁራሽ ቆርጣ ቀይ ጥለት ባለው ንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው። «ለልጁ ስጪው» አለችኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ሻይ ቤት ነው ያለው።»

«ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

«እሱ እምቢ አላለኝማ።»

ሻይ ቤቱ ስደርስ እንግዶቹ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ጋሽ አማረና ጋሽ በላቸው ከመኪናው ጎን ቆመዋል፤ ወይዘሮ ያለምዘውድ የኋላውን በር ከፍተው ተቀምጠዋል። ጌቱ ፊታቸውን አይቶ የሆነውን ገምቷል። ወደ ጎን ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ አባቴ ሲርባችሁ ተመለሱ ማለቱንም።

«ስለ እናትህ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አላምንበትማ። የማላምንበትን ምን ብዬ ላውራሽ?»

«ካላመንክበት ጨጓራ ነው በያቸው ለምን አልከኝ?»

«እሷን ማስቀየም ከበደኝ።»

«እናቴን ማስቀየሙስ?»

ዳቦውን መኪናው ላይ አስቀምጬ ጨርቁን ፈታሁ። ሳላስበው ከጫፉ ቆርሼ ጎረስኩ፤ እጄ እንደ እናቴ እጅ ለምዶት ይሆናል። ጌቱ ሲያየኝ ነው ያደረግሁትን ያወቅሁት።

«እናቴ ልካልህ ነው» አልኩት። «የምትበላው ከሆነ እዚሁ ብላው። ካልሆነ ደጀን ስትደርሱ አትጣለው፤ አሁኑኑ መልስልኝ። ለሁለታችንም የሚበጀው እሱ ነው።»

ነገሩ ገብቶታል። ዳቦውን አየ፣ አክስቱን አየ።

«ጌቱ» አሉ ወይዘሮ ያለምዘውድ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም።

«ርቦኛል፣ እታለም» አላቸው። ቆረሰና በላ። ቆሞ፣ ሳይቸኩል፣ ፊቱን ወደ እሳቸው አድርጎ በላ።

ጋሽ በላቸው ቀረብ አሉ። «ለእኔም ቁረስልኝ እስኪ።»

«ጨጓራውስ፣ ጋሼ?»

«ተሻለኝ» አሉ። ከጌቱ የበለጠ ቆርሰው ወሰዱ። ጋሽ አማረም «ለበረከት» ብለው ፍርፋሪ የምታህል ተቀበሉ፤ ከዚያ ማንም ሳይጋብዛቸው ደገሙ።

ወይዘሮ ያለምዘውድ አልበሉም። የመኪናውን በር ጨብጠው ጌቱ ሲያላምጥ ያዩታል፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ እንደምታይ እናት ግንባሩን፣ ጉሮሮውን። ፍርሃቱ የውሸት እንዳልነበረ ያኔ አየሁ። ዳቦው ሲያልቅ ከአዲስ አበባ ያመጡትን ውኃ ዘረጉለት። «ጠጣበት፣ እንዳያንቅህ» አሉት።

ጨርቁን ላነሣ ስል «አምጪው» አሉኝ። ተቀብለውኝ ፍርፋሪውን ከመኪናው ውጭ አራገፉት፤ ጥለቱን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው አጠፉት።

«የእናትሽ ነው?»

«አዎ። እኔ ልመልስላት።»

«ተይው። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም።» ቦርሳቸውን ከፍተው ከተቱት።

ቤት ስመለስ አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቴ የተነሣውን ብርጭቆ ታጥባለች።

«በላ?» አለኝ አባቴ።

«በላ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም በሉ።»

«ሴትዮዋስ?»

«አልበሉም። ጨርቁን ግን ይዘውት ሄዱ።»

እናቴ ቀና አለች። «ባለ ቀይ ጥለቱን?»

«እሱን። ባዶውን አይመለስም አሉኝ።»

አባቴ ጥቂት አሰበ። «እንግዲህ የሚመጡ ከሆነ ጾም ሳይገባ ቢመጡ ይሻላል» አለ። ተነሥቶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ፤ እሑድ ስለሆነ ዝግ እንደሆነ እያወቀ።

እናቴ እጇን ጠረገችና መሶቡን ከደነች። ዶሮውን ለጎረቤት እንዳደርስ ነገረችኝ፤ እነሱ ሲመጡ ሌላ ይታረዳል አለች። ድስቱን ተሸክሜ በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ።

«ሕሊና፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጨው አላነሰውም?»